ጓያ የሚሰብረው እንፋሎቱ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ትውልዴ ግን ደላንታ ነው፣ ከወገል ጤና ትንሽ ወጣ ብሎ። ወፍጮ ቤት ነው የምሰራው፣ ሀኪም አይደለሁም፣ ጋዜጠኛም አይደለሁም፣ ጋዜጣችሁን ግን ሳገኝ እገዛለሁ፣ ሳላገኝ ደግሞ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከፊቴ ያለው ሰው አንብቦ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። እስከዛሬ አንድም ቀን ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት በጤና አምዳችሁ ላይ ስለ ጥራጥሬ ጥቅም በወጣችው ጽሁፍ ምክንያት ነው። ጽሁፏ ጥሩ ነበረች፣ መጨረሻዋ ላይ ግን ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እግር ስለሚይዝ ልጆችን ከምድጃው ራቅ ማድረግ ነው የምትል ምክር ገብታባታለች። እሷን ምክር ሶስቴ ደጋግሜ አነበብኳት። ምክንያቱም እናቴ ልክ እንደዛ ነው ያደረገችው፣ ልጆቿን ከምድጃው አራቀች፣ ታላቅ ወንድሜ ግን ይኸው እስከዛሬ በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው።

1989 ዓ.ም. ላይ እኔ 11 አመቴ ነበር፣ ወንድሜ ደግሞ 17። እህሉ ከዳን፣ ገብሱም ስንዴውም ለጎተራ የሚበቃ አልሆነም፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ በመስከረም የተዘራው ጓያ ብቻ ቀረልን። እናቴ ጓያ ስትቀቅል ስርአት ነበራት። ድስቱን ጥዳ ሁላችንንም ከማድ ቤት ታስወጣናለች፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ክዳኑን ስታነሳ ፊቷን አዙራ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ነው። «ውጡ ውጡ፣ እንፋሎቱ እንዳያገኛችሁ!» ትላለች። ከዛ ንፍሮው ሰፌድ ላይ ይሰጣና ነፋስ እንዲመታው ደጅ ይቀመጣል፣ እኛ ግድግዳ ተደግፈን ምራቃችንን እየዋጥን እንጠብቃለን። ትነቱ ጠፍቶ እጅ የማያቃጥል ሲሆን «በሉ አሁን ብሉ፣ ወጥቶለታል» ትለናለች። እኛም እንበላለን። ጠዋት ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ቂጣ በጓያ ሽሮ፣ በማግስቱም እንደዛው። ወንድሜ ደግሞ ከከብት ጋር ሜዳ ስለሚውል እዛው እሸቱን እየፈለፈለ ይበላል። ሶስት ወር፣ ምናልባትም ከዛ በላይ፣ እንዲህ ነው የኖርነው።

ወንድሜ ማታ ማታ ባቴን ባቴን ይል ጀመር። ይኮማተርበታል። ቀን ሲሰራ ስለዋለ ደክሞት ነው ተባለ፣ እናቴ በሞቀ ውሃ ታሽለት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ሊነሳ ሲል እግሩ እንቢ አለው። ግድግዳውን ይዞ እንደምንም ቆመ፣ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፣ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው የቆመው፣ ጉልበቶቹ ደግሞ እርስ በርስ ተጋጠሙ። እኔ እየቀለደ መስሎኝ ስቄ ነበር። ያን ሳቅ እስከዛሬ አልረሳውም።

እናቴ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ያን ቀን ነው» አለች። ያን ቀን ማለት ወንድሜ እሳት ሊጭር ማድ ቤት ገብቶ ድስቱ ክፍት ሆኖ ያገኘበት ቀን ነው። እሷ ክዳኑን ቶሎ ባትከፍት ኖሮ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ብትከለክለው ኖሮ ልጇ ደህና ይሆን ነበር ብላ ታምናለች። ዛሬ አርጅታለች፣ አሁንም እንደዛው ታምናለች፣ ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ አስረድቻታለሁ፣ አንገቷን ትነቀንቅና ዝም ትላለች። ሰው ባላጠፋው ጥፋት እድሜ ልኩን ራሱን ሲከስ ማየት ከባድ ነው። እና ጋዜጣ ላይ እንፋሎት የሚል ቃል በወጣ ቁጥር እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች «ይኸው፣ ተጽፏል እኮ» ነው የሚሉት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጓያ ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለ፣ ህንድ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1964 ከፍሬው ለይተው ያወጡት ነው። ይሄ ነገር እንደ ውሃ ተንኖ አየር ላይ የሚወጣ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባውም በአፍ ነው፣ በመብላት። ጓያ ለሁለት ለሶስት ወርና ከዛ በላይ ዋናው ምግብ ሲሆን፣ ማለትም ሰው ከሚበላው ሲሶውን ያህልና ከዛ በላይ ሆኖ ሌላ የሚያግዘው እህል ሲጠፋ፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርደውን ነርቭ ይጎዳል። እግር ይገትራል። ፈረንጆቹ ላቲሪዝም ይሉታል፣ እኛ ጓያ ሰበረው እንላለን። እና እናቴ ያን ሁሉ ስርአት ስትጠብቅ መርዙ ያለው ሰፌዱ ላይ የቀዘቀዘው ንፍሮ ውስጥ ነበር። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ የእንፋሎቱ ወሬ ውሸት መሆኑ ብቻ አይደለም፣ ሰውን ማዘናጋቱ ነው። ከእንፋሎቱ ያመለጠ ሰው ከጓያው ያመለጠ ይመስለዋልና ተረጋግቶ ይበላል።

ወሬው ከየት መጣ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ከአንድ ሰፌድ ይበላል፣ የሚሰበረው ግን አንዱ ነው። ታዲያ ሰው «ሁላችንም በልተናል፣ ለምን እሱ ብቻ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ሲጠይቅ ደግሞ ያ ልጅ ለብቻው ያደረገውን ነገር ይፈልጋል፣ እሳት ሊጭር ገብቶ ነበር፣ የጓያ ገለባ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ጠዋት በጤዛ የጓያ ማሳ አቋርጦ ነበር እያለ። እኛ ሰፈር እነዚህ ሁሉ ይባላሉ። ጓያ ማሳ ውስጥ አትለፍ፣ ገለባው ላይ አትተኛ፣ ሲቆላ ጭሱን አትታጠን። ግን ወንድሜ ለብቻው ያደረገው ዋና ነገር አይናችን ስር ነበር። ከኛ በላይ ነው የበላው፣ ትልቅ ልጅ ነው፣ ይሰራል፣ ይርበዋል፣ በዛ ላይ ሜዳው ላይ ጥሬ እሸት። ደላንታ ላይ የተጠኑት ጥናቶች ያገኙትም ይሄንኑ ነው፣ ንፍሮውና ያልበሰለው እሸት ናቸው አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት፣ በብዛት የሚያዙት ደግሞ ወጣት ወንዶች ናቸው።

ጥናቶቹን የጠቀስኩት እንዲሁ ለማሳመር አይደለም። በዛን ሰሞን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው፣ ያኔ ደላንታ ዳውንት በሚባለው ወረዳ ከ2,000 በላይ ሰው ነው ጓያ የሰበረው። ከ2,000 በላይ! ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከነፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጋር ሆነው ነገሩን አጥንተው ላንሴት የሚባለው ትልቁ የህክምና መጽሄት ላይ በፈረንጆቹ 1999 አወጡት። ማለት የኛ ሰፈር ጉዳይ ለንደን በሚታተም መጽሄት ላይ ተጽፏል፣ እዚህ ግን አሁንም ስለ እንፋሎት እናወራለን። ከኛ በፊትም ደምቢያ ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሰው ተይዞ ነበር። ነገሩ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ህንድ፣ ባንግላዴሽ፣ ስፔን ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ፣ ሁሉም ቀምሰውታል።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፣ እኔ ሳነበው እንቅልፍ የነሳኝ። ሁለተኛው የአለም ጦርነት ላይ፣ በፈረንጆቹ 1942፣ ሮማኒያዎች ቫፕንያርካ የሚባል ካምፕ ውስጥ፣ ቦታው አሁን ዩክሬን ነው፣ ያጎሯቸውን አይሁዶች ለከብት መኖ የሚሆን ጓያ ያበሏቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች እግራቸው ተያዘ። ከምግቡ መሆኑን የለየው እዛው አብሯቸው የታሰረ አርተር ኬስለር የሚባል ሀኪም ነው። እነዚህ ሰዎች የኛን ማሳ አላቋረጡም፣ የኛን ገለባ አልተኙበትም። በየቀኑ ጓያ በሉ፣ በቃ። ይሄን ታሪክ ለወንድሜ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና «እነሱም ተርበው ነዋ» አለኝ።

ሌላ መታረም ያለበት ደግሞ በሽታው ይጋባል የሚለው ነው። አይጋባም። በዘርም አይወርድም። አንድ ቤት ሁለትና ሶስት ሰው ከተያዘ የበሉት አንድ ስለሆነ ነው እንጂ ዘራቸው ስለተረገመ አይደለም። እርግማን ነው፣ የአያት ጥፋት ነው፣ ቡዳ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ በማንም እምነት ላይ መግባት አልፈልግም፣ ጸበሉንም ዱአውንም አልነቅፍም፣ የተጨነቀ ሰው ወደ ፈጣሪው ይሄዳል፣ እናቴም ወስዳዋለች። ግን የተረገመ ቤት ተብሎ ሰው ሲሸሽና ለሴት ልጃቸው ጠያቂ ሲጠፋ በአይኔ አይቻለሁ።

የልጅነት ልምሻ ማለትም ፖሊዮ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው፣ የጤና ባለሙያ ሆነው ጭምር። ልዩነቱ ግን በአይን ይታያል። ፖሊዮ የያዘው እግር ይለምሻል፣ ይቀጥናል፣ ይላላል፣ ጓያ የሰበረው እግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ይገተራል፣ ይጠነክራል፣ ሲሄድ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። የወንድሜን ጫማ ብታዩት ተረከዙ አዲስ ነው፣ ጫፉ ግን ተበልቶ አልቆ ጣቱ ሊወጣ ደርሷል። ሀኪሞቹ የተያዘውን ሰው በአራት ይከፍሉታል፣ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ እና የሚድህ። ወንድሜ ሶስተኛው ላይ ነው ያለው። ከኛ መንደር በታች አንድ የእድሜ እኩያው አለ፣ በእጁ ነው የሚድሀው፣ መዳፉ ላይ የጎማ ቁራጭ አስሮ።

ሰው በጓያ ሲሰበር ከወገብ በላይ በአብዛኛው ምንም አይሆንም፣ አእምሮው ያው ነው፣ እጁ ያው ነው፣ እግሩም ቢሆን ብርዱንም ሙቀቱንም እሾሁንም ይሰማዋል። ጓያ የሰበረው ሰው ቶሎ ይሞታል የሚባለውም ልክ አይደለም፣ በሽታው በራሱ አይገድልም፣ ጓያውን መብላት ካቆሙ በኋላም በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። ግን አይድንም። ይሄን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል ምክንያቱም ድሀው ሰው ላሙን ሸጦ፣ በጉን ሸጦ፣ አድንሃለሁ የሚለው ሁሉ ጋር ይዞራል። እኛም አንድ ቦታ መርፌ አለ ተብለን በሬ ሸጠናል፣ ያንን በሬ አሁን ላይ ቆጥሬ ማንንም መክሰስ አልፈልግም፣ ግን መርፌው ምንም አላደረገም። የተጎዳ ነርቭ የሚመልስ መድሃኒት የለም። የተገተረውን ጡንቻ የሚያላላ መድሃኒትና እግሩን እያንቀሳቀሱ የሚያለማምዱት ህክምና ግን ትንሽ ሊያቀልለት ይችላል፣ ለዚህ ለዚህ ሆስፒታል መሄድ ጥሩ ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ፍርሀት አለ፣ ይሄም ልክ አይደለም። ወፍጮ ቤት ስለምሰራ በቀን ስንት ሽሮ አይኔ ስር ያልፋል። አሁን አሁን ቴሌግራም ላይ ሽሮ ውስጥ ጓያ እየተቀላቀለ ነው፣ የበላ ሽባ ይሆናል የሚል ነገር ሰው እየተቀባበለ እየመጣ ሲጠይቀኝ ነው የሚውለው። አዎ፣ ጓያ ይቀላቀላል። ሙሉ ፍሬውን በደንብ ካያችሁት ከአተር ትለዩታላችሁ፣ አተር ድብልብል ነው፣ ጓያ ግን ማእዘን አለው፣ አንድ ጎኑ ሹል ብሎ ትንሽ የመጥረቢያ ምላጭ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግራጫ ሆኖ ነጠብጣብ አለው። ተከክቶ ክክ ሲሆን ግን ቢጫ ነው፣ የአተር ክክ ይመስላል፣ ተፈጭቶ በርበሬ ከገባበት ደግሞ እኔም አለየውም። የአተር ዋጋ አስከፍሎ ጓያ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ግን ጤፍ እንጀራ በሽሮ የሚበላ፣ ነገ ምስር፣ ከነገወዲያ ድንች የሚበላ የደሴ ሰው ሽሮው ውስጥ ጓያ ስለገባ ብቻ አይሰበርም። ጓያ የሚሰብረው ሌላ የሚበላ የሌለውን ሰው ነው።

ለዛ ነው ጓያ ይከልከል፣ ከማሳ ይጥፋ የሚለው ሀሳብም የማይዋጥልኝ። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ጓያ ግን ድርቅ ይችላል፣ ውሃ የተኛበት መረሬም ይችላል፣ ማዳበሪያ አይልም፣ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ አፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ይደርሳል። ከፍሬው ሩቡ ያህል ወይም ከዛ በላይ ፕሮቲን ነው። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይገኛል፣ ድሀውን ከሞት ያተረፈ እህል ነው፣ እኔም ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው በጓያ ያን አመት ስላለፍኩ ነው። ወንድሜንም ሰበረው እኔንም አኖረኝ። እና አንድ ገበሬ ጋ ሄዶ ጓያ አትብላ ብሎ መመለስ ምን ይብላ የሚለውን ሳይመልሱ ዝም ብሎ መሄድ ነው።

ይልቅ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ጓያን ለብቻው አለመብላት፣ ከተገኘው እህል ጋር መቀላቀል፣ ገብስም ይሁን ስንዴም ይሁን ማሽላም ይሁን ጤፍ። ምክንያቱም ጓያ የሚጎድለው ነገር አለ፣ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይባላሉ፣ እህሉ ደግሞ እነሱ አሉት፣ ሲደባለቁ ሰውነት መርዙን የሚቋቋምበት አቅም ያገኛል። የደላንታው ጥናት ላይ ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉና ወጡን በሽንኩርት በነጭ ሽንኩርት በዝንጅብል የሰሩ ሰዎች አደጋቸው ቀንሶ ነው የተገኘው። ሁለተኛ፣ ፍሬውን ሳይቀቅሉ በፊት ሌሊቱን ብዙ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ሲቀቅሉም ብዙ ውሃ አድርጎ የፈላበትን ውሃ መድፋት። ኦዳፕ እንፋሎት ሆኖ አይወጣም እንጂ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ከውሃው ጋር ይደፋል። ሁሉንም አያወጣውም፣ ግን በደንብ ይቀንሰዋል። የኛ እናቶች ንፍሮ የሚቀቅሉት ውሃው ምጥጥ እስኪል ነው፣ እንደዛ ሲሆን የወጣው መርዝ ተመልሶ ፍሬው ውስጥ ይገባል። ከብት የሚጠብቁ ልጆችን ደግሞ እሸቱን አትጥገቡበት ማለት ነው፣ ምሳ ሳይቋጥሩላቸው ግን ይሄን ማለት ከንቱ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ዘፍዝፎ መድፋት ሲባል ጋዜጣ ላይ ቀላል ይመስላል። የኛ እናቶች በዛ ክፉ ጊዜ አንድ እንስራ ውሃ ለማምጣት ቁልቁለት ወርደው ዳገት ነው የሚወጡት፣ እንጨቱም ኩበቱም የለም። ያንን ውሃ ለጓያ አፍስሶ መድፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የሴቶቹ ጥፋት እንዳይመስል ተደርጎ ይጻፍ። ውሃ ቅርብ ሲሆን ጓያም ይለዝባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ይሄንን ቢያውቁት፣ ዝናብ የጠፋ አመት ላይ ከጓያ ጋር የሚቀላቀል እህል ቶሎ ቢደርስ፣ ቶሎ ስል ሰው ጓያ ብቻ መብላት ከጀመረ ሶስት ወር ካለፈው በኋላ ሳይሆን ገና ሲጀምር፣ ስንት እግር ይተርፍ ነበር። የነዶክተር ኃይለየሱስ ቡድን በፈረንጆቹ 2003 ላይ እዛው ላንሴት ላይ የጻፈውም ይሄንኑ ነው፣ በረሀብ ጊዜ የሚመጣ የእህል እርዳታ ይሄን በሽታ ይቀንሰዋል ነው ያሉት። ኦዳፑ ያነሰ የጓያ ዘርም በኛው ተመራማሪዎች ወጥቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ድርቅ ሲመታው ጓያ መርዙን ስለሚጨምር በሱ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም።

አሁን የምጠይቃችሁ ምንድነው፣ ማስተካከያ አውጡ። ጸሀፊዋን ለመውቀስ አይደለም፣ እሷም ከናቷ የሰማችውን ነው የጻፈችው፣ እኔም ወገል ጤና እያለሁ ብትጠይቁኝ እንፋሎት ነው እላችሁ ነበር፣ ተሰድጄ ደሴ መጥቼ፣ ማታ ትምህርት ተምሬ፣ ስለ ወንድሜ በሽታ ያገኘሁትን ሁሉ ለአመታት ሳነብ ነው የገባኝ። ግን እናንተ እድሉ አላችሁ። እኔ ወፍጮ ቤት ቆሜ በቀን ለአስር ሰው ብናገር ነው፣ አንድ ጋዜጣ ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ ብቻውን ስንት እጅ እንደሚዞር አውቃለሁ፣ ማንበብ ለማይችለውም ይነበብለታል፣ የኛ አገር ሰው ደግሞ የታተመ ነገር ያምናል። የሚያምን ሰው ፊት የሚጻፍ ነገር መጣራት አለበት። ማስተካከያውንም እታች ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል አታድርጉት፣ እዛው የጤና አምዱ ላይ አድርጉት፣ ብትችሉ ደግሞ ከመስከረም በፊት፣ ጓያ ሳይዘራ።

ይሄን ደብዳቤ ሳልልከው በፊት ባለፈው እሁድ ደላንታ ሄጄ ለወንድሜ አነበብኩለት። እናቴም አጠገባችን ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ትሰማ ነበር። የሰፌዱ ታሪክ ጋ ስደርስ እንዝርቷን አቆመች። «ቀዝቅዞ ነው የሰጠኋችሁ» አለች። አዎ እማዬ አልኳት፣ ቀዝቅዞ ነው፣ አንቺ ያለሽን ሁሉ አድርገሻል፣ እንፋሎቱ አልነበረም አልኳት። ምንም አላለችኝም፣ ግን ቀጥል ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ እስከመጨረሻው አስነበበችኝ፣ ከዚህ በፊት እስከመጨረሻው ሰምታኝ አታውቅም።

ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ጨምርልኝ አለኝ። ጓያ የሰበረው ወንድ ልጅ አይወልድም የሚባል ነገር አለ፣ በዛ ምክንያት ሁለት ቤት ሽማግሌ ልኮ ተመልሶበታል። በሶስተኛው ያገኛት ሚስቱ ናት አሁን ከሱ ጋር ያለችው። «ሶስት ልጆች እንዳሉኝ ጻፍ» አለኝ፣ «ትልቋ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ደግሞ ሯጭ ነው በልልኝ።»

አክባሪያችሁ
የወፍጮ ቤት ሰራተኛ፣ ከደሴ